ከክንዴ እስከ እህቷ በር

ባለቤቴ ዓይኗን ከጨፈነች ትወድቃለች።

ከታመመች ወዲህ ፊቷን በሁለት እጇ ታጥባ አታውቅም። በአንድ እጇ የመታጠቢያውን ጠርዝ ትይዛለች፤ በሌላው ውኃ ትረጫለች። ያውም አንድ ዓይኗን ገልጣ ነው። ሳሙናው ሲገባባት ሳሙናውንም እኔንም ትራገማለች።

ሕመሟ የደም መመረዝ ነበር። ሆስፒታል የወጓት መርፌ ሕይወቷን አተረፈ። ያው መርፌ የጆሮዋን ሚዛን ይዞባት ሄደ። ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም። ሰው ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያውቀው በጆሮው ውስጥ ባለ ትንሽ ነገር ነው። ይህን እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። መስማቱንስ ትሰማለች፤ ያልተባለውን ሳይቀር። ስትራመድ ግን የሰው ፊት ይዘልባታል፤ ግድግዳው ይወዛወዛል። ቤት ውስጥ በቀን በዓይኗ ትደገፋለች። መንገድ ላይ ግን መኪና ለማየት አንገቷን ካዞረች አለቀላት። የጨለማውማ አይነሣ። ስለዚህ የምትሄደው በእኔ ክንድ ነው።

ታናሽ እህቷ የምትኖረው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከደጃችን ደጇ ይታያል። በየቀኑ ክንዴን ሰጥቼ አሻግራታለሁ። እነሱ ሲጫወቱ እኔ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር እቀመጣለሁ። ሲጨርሱ እመልሳታለሁ። እህቷ "ዘበኛው" ትለኛለች። በፊት "ጋሼ" ነበርኩ።

አንድ ቀን ከማዶ ስንመለስ ባለቤቴ መንገድ መሀል ቆመች።

"እኔኮ እህት የለኝም" አለች።

"አሁን ከማን ቤት ነው የወጣነው?"

"እህት ማለት ባልሽን የምታሚላት ናት። እንዴት አድርጌ ነው አንተን ፊትህ ላይ የማማህ?"

"እሙኝ። አልሰማም።"

"አንተ? ዝምተኛ ሰው እኮ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማው። አንዴ ሲወራ፣ አንዴ ማታ ሲያሰላስለው።"

አንድ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋብን። አሻገርኳት። ስቄ ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አላሳቀኝም። ለስንት ዓመት ክንዴን ሰጠኋት ብዬ ነበር የማስበው። ለካ በክንዴ አስሬያትም ኖሯል።

የጆሮ ሐኪሟ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቶሎ የማያምን ሰው ነው። እሱ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲው የላከን። "እዚያ ትንንሽ ነገር የሚሠሩ ሰዎች አሉ" አለን። "እንዳላጓጓችሁ። ብቻ ሂዱና እዩት።"

ሄድን። ረጅም ኮሪደር ነው። በአንድ በኩል ግድግዳው መስተዋት ነው፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ክፍል መብራቱ ብጫ ነው። ውስጥ ያሉት ሰዎች ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰዋል። የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። አቧራ እንዳይገባ ነው አሉን። ፀጉር ላይ ያለች ብናኝ ከወደቀች የወር ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ሴት ይሁኑ ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁኑ ጎረምሳ አይለይም። ቆይቼ ሳይ ግን በአረማመዳቸው ይለያሉ። አንዷ ትቸኩላለች፤ ስትቸኩልም እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ ነው፣ ምንም እንዳትነካ።

እሷ ወጣች። ነጩን ስታወልቅ ረጅም ወጣት ሴት ሆነች። ተመራማሪዋ እሷ ናት። ፊቷ ላይ የጭንብሉ ምልክት ቀርቷል።

"እማማ፣ እንኳን መጡ! አባባ፣ ይቀመጡ!" አለች። ራሷ ግን አልተቀመጠችም። ተቀምጣ አይቻት አላውቅም።

ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አስቀመጠችልን። ባለቤቴ ጎንበስ አለች።

"ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው?"

"እሷ ናት እማማ! ይቺ ናት የእርስዎን ጆሮ ሥራ የምትሠራው።"

በማጉያ መነጽር አሳየችን። ነጥቧ ውስጥ ክፍል አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ከፀጉር በቀጠኑ ክሮች የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለ። "ይቺ ዥዋዥዌ አታርፍም" አለች ተመራማሪዋ፤ ቃሉ ከአፏ እየቀደማት። "ዘወትር ትንቀጠቀጣለች። ሰውነትዎ ዞር ሲል ወይ ሲያዘነብል መንቀጥቀጧ መስመሩን ይስታል። ያን ጊዜ ታውቃለች! እኛ የሠራናት እንደ መስተዋት በሚያበራ ስስ ሳህን ላይ ነው፤ አንድ ሳህን ላይ ስንት እህቶች አሏት መሰለዎት!"

"ቁንጫ ናት እኮ" አለች ባለቤቴ።

"ቁንጫማ ትበልጣታለች!"

"ዕድሜ ልኬን ከልብሴ ሳራግፍ የኖርኩትን ወገቤ ላይ ልታስሩልኝ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቁንጫ ሆነ። አብረዋት የሚሠሩት ተማሪዎችም፣ አለቃቸው ፕሮፌሰሩም በዚያው ስም ጠሯት።

ቁንጫዋ ቀበቶ ላይ ተቀምጣለች፣ ከወገብ በስተኋላ። ቀበቶው ዙሪያውን ትንንሽ መንዘሪያዎች አሉት፤ ድምፁ የጠፋ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እንደሚያደርገው ያደርጋሉ። ባለቤቴ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ቀኝ ወገቧን ይነዝራታል። ወደ ኋላ ካዘነበለች ጀርባዋን። ሥራዋ ከሚነዝራት መሸሽ ነው። ሸሽታ ዝም ሲል ቀጥ ብላለች ማለት ነው።

"እናትዬ፣ ሰውነትዎ ሊያታልልዎ ይችላል" ትላታለች ተመራማሪዋ። "ራስዎን አይመኑ። ቀበቶውን ይመኑ።"

"ሃምሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አላመንኩ፤ ቁንጫ ልመን?"

ግን አመነች። መጀመሪያ ወለል ላይ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ ላይ አቆሟት፤ እግር የሚውጥ ወፍራም ስፖንጅ። መጀመሪያ ዓይኗን ገልጣ፣ በኋላ ጨፍና። ስንት ጊዜ ተንገዳገደች፣ ስንት ጊዜ ተሳደበች። እኔ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ።

አንድ ቀን ተመራማሪዋ በምልክት ወደ መስኮቱ እንድሄድ ነገረችኝ። ሄድኩ። ባለቤቴ ስፖንጁ ላይ ናት፤ ዓይኗ እንደ ተጨፈነ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ሄደች፤ ተመለሰች። ትንሽ ወደ ኋላ፤ ተመለሰች። እንደ ቀጭን ዛፍ ናት።

"ቆሜያለሁ?" አለች።

"ቆመዋል!"

"እሱ ይዞኝ ነው አይደል?"

"አልያዝኩሽም" አልኩ ከመስኮቱ።

ድምፄ ከየት እንደ መጣ ሰማች። ዓይኗን አልገለጠችም።  ተመራማሪዋ ጮቤ ረገጠች፤ ማስታወሻ የያዘው ተማሪ እስክሪብቶውን ጣለ። እኔ መስኮቱን ይዤ ነበር። አለመውደቄ ነው የሚገርመው።

የቀረው የሐኪሙ ፈቃድ ነው። "ክፍል ውስጥ መቆም ሌላ፣ መኖር ሌላ ነው" አለ። "በእሷ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ዳሌ መሰበር ነው። ኮሪደሩን በጨለማ፣ ማንንም ሳትይዝ፣ አንገቷን እያዞረች ትሂድልኝ። ከሄደች ቀበቶው ከእሷ ጋር ቤቷ ይገባል። ካልሄደች ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ለእሷም፣ ወረፋ ለያዙት ለሌሎቹም።"

በፈተናው ቀን ከቤት ስንወጣ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ቆመች።

"ዛሬ ከወደቅሁ እንዳታነሣኝ።"

"እሺ።"

"እሺ ይላል እንዴ ሰው! ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?"

ይህን ለእህቷ የምትነግርበት ቀን እንዲመጣ ተመኘሁ።

የኮሪደሩን መስኮቶችና የመስተዋቱን ግድግዳ በጥቁር ጨርቅ ሸፍነዋቸዋል። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የተዘጋ በር አለ። እኔን ግድግዳ አስጠግተው እጄን ወደ ኋላ አስደረጉኝ። ሐኪሙ ከፊቷ ወደ ኋላ እየተራመደ ሊሄድ፣ ተመራማሪዋ ከኋላዋ ልትከተል ተስማሙ። መንዘሪያው የሚጀምረው መብራቱ ሲጠፋ ነው።

ተመራማሪዋ ቀበቶውን አሰረችላትና አበራችው። "አሁን ለአፍታ ዝም ብለው ይቁሙ። ቁንጫዋ ቀጥ ያለው የቱ እንደ ሆነ ትያዝ።" ብላ ወደ ላፕቶፗ ዞረች።

በዚህ መሀል ፕሮፌሰሩ በጎን በር ገባ። ሽበታም፣ ግርማ ያለው ሰው ነው። ባለቤቴ እጅ ነሣች።

"እንዴት ነዎት እናቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት ነዎት?"

"ደህና ነዎት? ጤናዎ?"

"ደህና፤ ልጆች ደህና ናቸው? ባለቤትዎ ደህና ናቸው?"

እንዲህ እያሉ ቆዩ። በመጨረሻ ላፕቶፑ ጢጥ አለ። "ያዘች!" አለች ተመራማሪዋ። መብራቱ ጠፋ።

ጫማዋን ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት። ከዚያ እርምጃዋ ፈጠነ። ሰው ሲጣደፍ የሚፈጥነው አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ያለ ሰው አፈጣጠን ነው። ኮሪደሩ ግን ሜዳ ነው። "ኧረ!" አለች። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር አንድ ትንሽ ነገር ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

መብራት በራ። ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፎ በቂጡ ተቀምጧል። ባለቤቴ ደረቱ ላይ ናት። መነጽሩ የለም። ሐኪሙ ቀጭን ነው ብያለሁ፤ ባለቤቴ ቀጭን አይደለችም።

እጄን ከኋላዬ አልፈታሁም። እንዴት እንዳልፈታሁት አላውቅም።

"ተጎዱ?" አለ ሐኪሙ ከሥሯ።

"የሚጠየቁትስ እርስዎ ነዎት" አለች።

አነሣናቸው። መነጽሩ ተገኘ። ሐኪሙ አቧራውን አራገፈ። "አያችሁ" አለ። "እኔ ባልኖርስ? በቃ።"

ባለቤቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማንንም አላየችም። ክንዴን ፈለገች፤ ሰጠኋት። 

ተመራማሪዋ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታለች። ወረቀት የመሰለው ፊቷ ቀስ በቀስ ቀላ። "አይሆንም" አለች። "አይሆንም። ቁንጫዋ አልተሳሳተችም! ፕሮፌሰር ይምጡ፣ ይዩት። ያዘነበሉት ወደ ፊት ሆኖ ሳለ ጀርባቸውን ነው የነዘረቻቸው። ቀጥ ሲሉ 'ወደ ኋላ እየወደቁ ነው' አለቻቸው፤ እሳቸውም አምነው ወደ ፊት ሸሹ። መነሻዋ ራሱ ዘምሟል። ቀጥ ያለውን ስትይዝ እማማ ጎንበስ ብለው ነበር!"

"መቼ ነው ጎንበስ ያልኩት?" አለች ባለቤቴ።

 ፕሮፌሰሩ እጁን ቀስ አድርጎ ደረቱ ላይ አኖረ።

"እኔን ሰላም ሲሉ" አለ።

"ታዲያ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደ ጅብራ ተገትሬ ልቁም? ምን አሳዳጊ የበደላት ልትሉኝ ነው?"

መጀመሪያ የሳቀው ፕሮፌሰሩ ነው። ተመራማሪዋ እየሳቀች ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ሁልጊዜ የምንሞክረው በተማሪዎች ነው! እነሱ ሰው ቢገባ ባይገባ አገጫቸውን ነው የሚነቀንቁት። በዚያች አፍታ ሰው እጅ ይነሣል ብሎ ያሰበ ማናችንም የለንም!"

ሐኪሙ አልሳቀም። "ቤቷም ሰው ይገባባታል" አለ። "ቀበቶ ስላሰረች ሰላምታ ልትተው ነው?"

ይህ ነገር ልክ ነበር። ሳቁ ቆመ። ተመራማሪዋ ከንፈሯን ነከሰች። ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ሄደች፤ እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ። ከዚያ ባለቤቴ ፊት ተንበረከከች።

"እማማ፣ አሁን በብርሃን ቢቆሙ፣ ቀጥ ማለትዎን ያውቁታል?"

"በብርሃንማ አውቃለሁ። በዓይኔ አየዋለሁ። የሚጠፋብኝ በጨለማ ነው።"

"እንግዲያው እርስዎ ይንገሯት! እኛ ለምን እንነግራታለን? ቀበቶው ጎን ላይ ቁልፍ አለ። ቀጥ ሲሉ እርስዎ ራስዎ ይጫኑት። እየተንቀሳቀሱ ከሆነ እምቢ ትላለች፤ ረግተው ከቆሙ ትይዛለች።"

"እስቲ አሁን እኔን ማን ይሰማል ብዬ ሳዝን ቁንጫ ልትሰማኝ ነው!"

ተመራማሪዋ ቆማ ላፕቶፗን መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ "እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ" ይላል፤ እሷም "አየሁት፣ አየሁት" ትላለች። ሻይ አመጡልን። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰች። ስፖንጁ ላይ አቁማ ደጋግማ ሞከረቻት። ሠራ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለ ሐኪሙ። "ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ይውጡና እንደገና ይግቡ።"

ፕሮፌሰሩ ወጣ። በሩን ዘጋ። አንኳኩቶ ገባ። እንደ አዲስ ሆነ።

"እንዴት ነዎት እናቴ?"

ባለቤቴ እጅ ነሣች፤ ከቅድሙ ይልቅ ዝቅ ብላ። ስለ ጤናው ጠየቀች፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ሳትቸኩል ጨረሰች። ከዚያ ቀና አለች። ትከሻዋን አስተካከለች። ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው አየችው። ቁልፉን ተጫነች። ጢጥ።

"አሁን አጥፉት" አለች።

ጨለመ።

ሐኪሙ ከፊቷ እንዳለ አውቃለሁ። ተመራማሪዋም ከኋላዋ። እኔ እጄን ብብቴ ሥር ቀብሬአለሁ። እርምጃዋን ሰማሁ። ዝግ ያለ ነው። ከእኔ ጋር ስትሄድ ጫማዋ ይጎተታል። አሁን አልተጎተተም፤ ይነሣል፣ ያርፋል፣ ይነሣል፣ ያርፋል።

"አንገትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ" አለ ሐኪሙ።

እርምጃው ቆመ።

 ቀበቶው ሲነዝር ሰማሁት፤ እንደ ዝንብ ነው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ዝም አለ። እርምጃው ቀጠለ።

"ወደ ግራ።"

ነዘረ። ዝም አለ። ቀጠለ። አሁን ከእኔ ርቃለች። ከተጋባን ወዲህ በጨለማ ውስጥ ከእኔ እየራቀች ስትሄድ ሰምቼ አላውቅም። ልቤ እንደ ጎረምሳ መታ።

ከዚያ በር ተንኳኳ። ከኮሪደሩ ጫፍ የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

"ቤቶች!"

"ይግቡ! ይግቡ!" ብሎ ጮኸ ፕሮፌሰሩ። ተመራማሪዋ እልል አለች። ሐኪሙ "መብራት! መብራት!" ይላል፤ ማብሪያውን የሚያገኝ ጠፋ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ሄድን። እኔ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጋጨሁ፤ ፕሮፌሰሩ ከሐኪሙ ጋር፤ ተማሪው ከወንበሩ ጋር። በዚያ ጨለማ ከማንም ያልተጋጨች እሷ ብቻ ናት።

መብራቱ ሲበራ በሩን ሳትደገፍ ቆማለች። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው።

"ይዛው ትሂድ" አለ። ከዚያ ወደ ተመራማሪዋ ዞሮ "የሌሎቹን ታማሚዎች ስም ነገ እልክልሻለሁ" አላት። እሷ አሁንም አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደግፋ በእጇ አፏን ያዘች።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ባለቤቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አላጠለቀችም። ወደ መታጠቢያው ሄደች። ውኃ ሲንቦራጨቅ ሰማሁ። በሁለት እጅ የሚታጠብ ሰው ድምፅ ሌላ ነው። ፊቷ እየተንጠባጠበ ወጣች፤ ደጁ ላይ ቆመች፤ ቁልፏን ተጫነች።

"እንዳትከተለኝ" አለችኝ።

"አልከተልሽም።"

"ደጁ ላይ ቆመህም እንዳታየኝ።"

"እሱን አልችልም።"

አንድ ጎረቤት "ደህና ዋሉ?" ብሎ አለፈ። እጅ ነሣች። ቀበቶው ነዘራት መሰለኝ፤ ወገቧን መታ አደረገችና "ዝም በይ፣ ሰላምታ ነው" አለቻት። ቀና አለች። ወደ ቀኝ አየች። ወደ ግራ አየች። ቆማ አንድ መኪና አሳለፈች። ተሻገረች።

መንገዱ መሀል ትንሽ ወደ ግራ አለች፤ ራሷ ተመለሰች። እኔ ወደ ታች ሳይ ክንዴ እንደ ተጣጠፈ ነው፤ ልትይዘው እንደምትችል ሆኖ። ዘረጋሁት።

"ቤቶች!" አለች ማዶ።

በሩ ተከፈተ። እህቷ ጮኸች። ከዚያ ወደ መንገዱ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አንገቷን አስግጋ "ዘበኛውስ?" አለች። ባለቤቴ ምን እንደ መለሰች አልሰማሁም። እህቷ ጎትታ አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

ብዙም አልቆየ። ሳቅ መጣ። ሁለቱም በአንድ ላይ ነው የሚስቁት፤ ትንፋሻቸው እስኪያጥር። ያቆማሉ፤ አንዷ አንድ ቃል ትላለች፤ እንደገና። አንዴ ጮክ ባለ ድምፅ "እሺ አለኝ እኮ!" ስትል ሰማኋት።

ሐሜት ላይ ጆሮ መጣል ነውር ነው። ወደ ውስጥ ገባሁ። በሩን ግን አልዘጋሁትም።